ከመድኃኒት አበቦች መዓዛማ ውሁዶችን የማውጫ ዘዴዎች ንጽጽር፦ ከገሱባና ከወላይታ አካባቢ የምርምር ፍላጎት አንጻር

አኅጽሮተ ጥናት

መዓዛማና መድኃኒትነት ያላቸውን ውሁዶች ከአበባ ለማውጣት የሚያገለግሉ ዘዴዎች ብዙ ጊዜ የሚነጻጸሩት በሰጡት የምርት መጠን በመቶኛ ነው። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለው ንጽጽር ብቻውን አሳሳች መሆኑን ያሳያል። እያንዳንዱ ዘዴ ከአንዱ አበባ የተለያየ ነገር ይመርጣል፤ አንዳንዱም ዘዴ በአበባው ውስጥ ያልነበረ ውሁድ ይፈጥራል። ክርክሩ በአራት አበቦች ማለትም በበሶብላ፣ በካሞሚል፣ በጠምበለልና በኮሶ ይፈተሻል። በመጨረሻም በወላይታ ዞን በገሱባና በአካባቢዋ ለሚካሄድ አነስተኛ ምርምር ተስማሚ የሆነ የንጽጽር ንድፍ ይቀርባል። ጽሑፉ አዲስ የቤተ ሙከራ ልኬት አያቀርብም፤ በተረጋገጠ የኬሚስትሪ ዕውቀት ላይ ይመሠረታል። በውስጡ የሚገኙት ስሌቶች ለማሳያ የተሠሩ ናቸው።

ቁልፍ ቃላት፦ ተናኝ ዘይት፣ በእንፋሎት ማንጠር፣ አሟሚ፣ በሶብላ፣ ኮሶ፣ ገሱባ፣ ወላይታ

1. መግቢያ

ገሱባ ከሶዶ በስተ ደቡብ ምዕራብ የምትገኝ፣ የኦፋ ወረዳ ማእከል ሆና የቆየች የወላይታ ከተማ ናት። በወላይታ የእንሰት ጓሮ ዙሪያ ለምግብ፣ ለመዓዛና ለመድኃኒት የሚሆኑ ዕፅዋት ተቀላቅለው ይበቅላሉ። በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ኮሰረትና ዳማከሴ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ዩኒቨርሲቲ በአቅራቢያው ባለበት እንዲህ ባለ አካባቢ፣ አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ «ከዚህ አበባ ውስጥ ምን ይገኛል?» ብሎ ቢነሣ የሚያስገርም አይሆንም። ሆኖም ከዚህ ጥያቄ በፊት ሌላ ጥያቄ መመለስ አለበት፤ እርሱም «በምን ዘዴ ሲወጣ?» የሚለው ነው።

ኅብረተሰቡ ሦስት የማውጫ ዘዴዎችን ከቤተ ሙከራ በፊት ያውቃቸዋል። የመጀመሪያው አረቄ የሚወጣበት መንገድ ነው። የፈላው ድፍድፍ እንፋሎት በሸምበቆ ወይም በቱቦ አልፎ በውሃ በሚቀዘቅዝ ዕቃ ውስጥ ይጠራቀማል። ይህ እንፋሎትን አቀዝቅዞ በመሰብሰቡ በእንፋሎት ከማንጠር ጋር ይመሳሰላል። ሁለተኛው ቅቤ የሚነጠርበት መንገድ ነው። ኮሰረት፣ በሶብላና ኮረሪማ የገቡበት ቅቤ መዓዛቸውን በስቡ ውስጥ ይዞ ያስቀራል፤ ይህም በስብ የማሟሟት ዘዴ ነው። ሦስተኛው ኮሶ የሚዘጋጅበት መንገድ ነው። ደርቆ የተፈጨው አበባ በቀዝቃዛ ውሃ ተዘፍዝፎ ያድርና በማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል።

አረቄ የሚያወጣ ሰው ኮሶን በአረቄ ማውጫ አያዘጋጅም፤ ኮሶ የሚዘፈዝፍም ሰው የቅቤውን ቅመም በቀዝቃዛ ውሃ አይዘፈዝፍም። ልማዱ ዘዴውን ከተፈላጊው ነገር ጋር ማጣጣም እንዳለበት ያውቃል። በዘመናዊው ቤተ ሙከራ ግን አንድ ዘዴ በእጅ ስለተገኘ ብቻ ለሁሉም አበባ የሚውልበት ጊዜ አለ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ በዚህ ክፍተት ላይ ያተኩራል።

2. «መዓዛማ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም

ንጽጽሩን ከመጀመር አስቀድሞ አንድ የቃል መደበላለቅ መጥራት አለበት። በተለምዶ «አሮማቲክ» ወይም መዓዛማ የሚባለው ሽታ ያለው ነገር ነው። በኬሚስትሪ ግን አሮማቲክ ውሁድ ማለት እንደ ቤንዚን ቀለበት ያለ ልዩ የኤሌክትሮን አደረጃጀት ያለው ውሁድ ነው፤ ሽታ ይኑረው አይኑረው ጉዳዩ አይደለም።

ሦስት ምሳሌዎች ልዩነቱን ያሳያሉ። በበሶብላ ውስጥ የሚገኘው ሊናሎል ጥሩ ሽታ አለው፤ የቤንዚን ቀለበት ግን የለውም። በዚያው በበሶብላ ውስጥ ሊገኝ የሚችለው ዩጄኖል ሽታም ቀለበትም አለው። የኮሶ አበባ ኮሶቶክሲን ደግሞ ቀለበት አለው፤ ነገር ግን እንደ ሽታ ዘይት በቀላሉ አይተንም። ስለዚህ «መዓዛማ ውሁዶችን ማውጣት» የሚል ርእስ ያለው ጥናት የትኛውን ትርጉም እንደያዘ በመጀመሪያው ገጽ መግለጽ ይኖርበታል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ተናኝ» የሚለው ቃል በቀላሉ የሚተኑትን የሽታ ውሁዶች ያመለክታል፤ «ቀለበታዊ» የሚለው ደግሞ የኬሚስቱን አሮማቲክ ያመለክታል።

3. የማውጫ ዘዴዎቹና የሚመርጡት ነገር

3.1 በእንፋሎት ማንጠር

ሊናሎል ብቻውን የሚፈላው በ198 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ ዩጄኖል ደግሞ ከ250 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ሆኖም ሁለቱም ከውሃ ጋር ከ100 ዲግሪ በታች ይነጠራሉ። ምክንያቱም እርስ በርስ የማይዋሃዱ ሁለት ፈሳሾች አብረው ሲሞቁ የትነት ግፊታቸው ይደመራል፤ ድምሩ ከአካባቢው የአየር ግፊት ጋር ሲስተካከል ሁለቱም ይፈላሉ። በቤተ ሙከራ ለዚህ የሚያገለግለው የክሌቨንጀር መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1928 የቀረበ ሲሆን፣ ዘይቱን ከውሃው ለይቶ እዚያው ለመለካት ያስችላል።

በደጋና በወይና ደጋ ለሚሠራ ተመራማሪ አንድ ነጥብ ትኩረት ይሻል። ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ስፍራ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዝቅተኛ ስፍራ የተሠራን ልኬት ከዚህ ጋር ለማነጻጸር የሙቀቱና የጊዜው ልዩነት መመዝገብ አለበት። በሶዶ የተነጠረና ከዚያ ዝቅ ባለ ቆላማ ቀበሌ የተነጠረ ዘይት በሁለት የተለያዩ ሙቀቶች የወጡ ናቸው።

ዘዴው ሦስት ገደቦች አሉት። አንደኛ፣ የማይተኑ ውሁዶች በማሰሮው ውስጥ ይቀራሉ። ሁለተኛ፣ በውሃ የሚሟሙ ሽታዎች ከዘይቱ ይለዩና ከውሃው ጋር ይሄዳሉ። ለዚህ ጽጌረዳ የታወቀ ምሳሌ ናት፤ ከሽታዋ ዋነኛ ክፍል አንዱ የሆነው ፌኒል ኤታኖል በአብዛኛው በጽጌረዳ ውሃው ውስጥ ስለሚቀር፣ በተነጠረው ዘይት ውስጥ ያለው ድርሻ በአሟሚ ከወጣው ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነው። ሦስተኛ፣ ረጅም ፍላት አንዳንድ ውሁዶችን ይሰባብራል። ለምሳሌ ሊናሊል አሲቴት በሙቅ ውሃ ውስጥ ሲቆይ በከፊል ወደ ሊናሎል ይለወጣል።

3.2 በአሟሚ ማውጣት

ሶክስሌት የተባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1879 የወተት ስብን ለመለካት የተሠራ ነበር። አሟሚው ይተናል፣ ይቀዘቅዛል፣ በናሙናው ላይ ይንጠባጠባል፣ ከዚያም ይመለሳል፤ ይህ ዑደት ለሰዓታት ይደጋገማል። ሄክሴን ተናኝ ዘይቱን ብቻ ሳይሆን ሰምን፣ ስብንና ቅባታማ ቀለሞችን ጭምር ይወስዳል። ኤታኖል ከዚህ ሌላ የፌኖል ዓይነቶችንና ከፊል ስኳሮችን ይጨምራል። ስለዚህ ከአሟሚ የሚገኘው ጥቁር ወይም አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር «ዘይት» ተብሎ ሊጠራ አይገባም፤ ጥሬ ጭምቅ ነው።

የአሟሚ ምርጫ የደኅንነትም ጉዳይ ነው። ሄክሴን ለረጅም ጊዜ ሲተነፈስ ነርቭን ይጎዳል፤ ቅሪቱም በምርቱ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ኤታኖል በአንጻሩ በፊንጫና በመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ በአገር ውስጥ ሲመረት የቆየ ነው። ምርቱ በሰው አካል ላይ ወይም በምግብ ላይ የሚውል ከሆነ፣ ኤታኖል ለንጽጽሩ የመጀመሪያ እጩ መሆን ይገባዋል።

3.3 በስብ መምጠጥ

በቀድሞው የፈረንሳይ ሽቶ ሥራ ውስጥ አበባን በቀዝቃዛ ስብ ላይ እየዘረጉ ሽታውን በስቡ ማስያዝ የተለመደ ነበር። አበባው ከአንድ ቀን ገደማ በኋላ ይነሣና በአዲስ ይተካል፤ ስቡ ሽታ እስኪጠግብ ድረስ ይህ ይደጋገማል። በኋላ ሽታው ከስቡ በአልኮል ይለያል። ዘዴው ብዙ ጉልበት ይጠይቃል፤ ነገር ግን ሙቀት አያስፈልገውም። በቅቤ ማንጠር ውስጥ ያለው የሙቅ ስብ ዘዴ የዚህ ቅርብ ዘመድ ነው።

3.4 በልዕለ ወሳኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማውጣት

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ31 ዲግሪ ሴልሺየስና ከ7.38 ሜጋ ፓስካል በላይ ሲሆን የጋዝም የፈሳሽም ጠባይ ይይዛል። ይህ ግፊት በባሕር ወለል ካለው የአየር ግፊት 73 እጥፍ ያህል ነው። በዚህ ሁኔታ ተናኝ ዘይትንና ሌሎች ቅባታማ ውሁዶችን በዝቅተኛ ሙቀት ያሟሟል፤ ግፊቱ ሲቀነስ ደግሞ ቅሪት ሳይተው ይበናል። የሚያስከፍለው ዋጋና የሚጠይቀው ጠንካራ የብረት ዕቃ ግን ለአነስተኛ ቤተ ሙከራ ሩቅ ያደርገዋል። እዚህ የሚጠቀሰው ሌሎቹ ዘዴዎች በሙቀት ያጠፉትን ነገር ለማወቅ መመዘኛ ስለሚሆን ነው።

4. አራት አበቦች፣ አራት መልሶች

4.1 በሶብላ

በሶብላ በእጽዋት ሊቃውንት ኦሲመም ባዚሊከም ይባላል። ለበርበሬና ለሽሮ የሚደርቀው በአብዛኛው የአበባው ራስ ነው። የዘይቱ ይዘት ከዝርያ ዝርያ እጅግ ይለያያል፤ በአንዱ ሊናሎል፣ በሌላው ኤስትራጎል፣ በሦስተኛው ዩጄኖል ወይም ሜቲል ሲናሜት ሊበዛ ይችላል። ተፈላጊዎቹ ውሁዶች ተናኝ ስለሆኑ በእንፋሎት ማንጠር ተስማሚ ዘዴ ነው።

ሆኖም ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው ናሙናን ይመለከታል። ከሁለት ጓሮዎች የመጣ በሶብላ በሁለት ዘዴዎች ቢወጣ፣ የታየው ልዩነት የዘዴው ይሁን የዝርያው መለየት አይቻልም። ሁለተኛው ደኅንነትን ይመለከታል። የአውሮፓ ኅብረት የምግብ ሳይንስ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2001 ኤስትራጎልና ሜቲል ዩጄኖል ዘረ መልን የሚጎዱና ካንሰር አምጪ መሆናቸውን ደምድሟል። በወጥ ውስጥ ያለው ቁንጥጫ በሶብላና በብልቃጥ የታጨቀ ዘይት አንድ አይደሉም። ዘዴው ውሁዱን ባከማቸ ቁጥር ጥቅሙም አደጋውም አብሮ ይከማቻል።

4.2 ካሞሚል

ካሞሚል የአገሩ ተወላጅ ባይሆንም ለንጽጽሩ እጅግ አስተማሪ አበባ ነው። በአበባው ውስጥ ማትሪሲን የተባለ ቀለም አልባ ውሁድ ይገኛል። አበባው በእንፋሎት ሲነጠር ማትሪሲን በሙቀቱ ተለውጦ ካማዙሊን ይሆናል፤ የካሞሚል ዘይት ታዋቂ ሰማያዊ ቀለም የሚመጣው ከዚህ ነው። እንግዲህ ሰማያዊው ውሁድ በሕያው አበባ ውስጥ አልነበረም፤ ማሰሮው የወለደው ነው። በልዕለ ወሳኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲወጣ ግን ማትሪሲን ሳይለወጥ ሊገኝ ይችላል።

ከዚህም ሌላ በካሞሚል ሻይ ውስጥ ያሉት የአፒጄኒን ስኳራማ ውሁዶች በውሃ የሚሟሙና የማይተኑ ስለሆኑ በተነጠረው ዘይት ውስጥ አይገኙም። «ካሞሚል ይህን ያደርጋል» የሚል ድምዳሜ የትኛውን ካሞሚል እንደሚል፣ ሻዩን ወይስ ዘይቱን፣ መናገር አለበት።

4.3 ጠምበለል

ጠምበለል የጃስሚን ወገን የሆነ፣ ነጭ አበባ ያለው ሐረግ ነው። የጃስሚን ሽታ በፍላት ስለሚበላሽ የሽቶ ሠሪዎች በእንፋሎት አያነጥሩትም። በሰፊው የሚመረተው የጃስሚን ዝርያ በአሟሚ ሲወጣ ከ1000 ኪሎ ግራም አበባ 3 ኪሎ ግራም ገደማ ሰም ያለበት ጭምቅ ይሰጣል፤ ከዚህ ውስጥ በአልኮል ተለይቶ የሚገኘው ንጹሕ ሽታ ግማሽ ያህሉ ነው።

ጃስሚን ሌላም ጠባይ አለው። አበባው ከተቀጠፈ በኋላም ለሰዓታት ሽታ ማመንጨቱን ይቀጥላል። አሟሚ አበባውን ወዲያው ይገድለዋል፤ በዚያች ቅጽበት የነበረውን ብቻ ይወስዳል። ቀዝቃዛ ስብ ግን አበባው ሕያው ሆኖ የሚያመነጨውን እየተቀበለ ይቆያል። ስለዚህ ሁለቱ ዘዴዎች የሚለኩት ነገር አንድ አይደለም፤ የመጀመሪያው ክምችትን፣ ሁለተኛው ደግሞ ክምችትንና ቀጣይ ምርትን ይለካል። በጠምበለል ላይ የሚሠራ ተማሪ የቅጠፋውን ሰዓት ካልመዘገበ ውጤቱ ሊደገም አይችልም።

4.4 ኮሶ

ኮሶ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ሀጌኒያ አቢሲኒካ፣ በደጋ የሚበቅል ዛፍ ስለሆነ ለገሱባ ተመራማሪ ናሙናው ከከፍተኛው ስፍራ መምጣት ይኖርበታል። የወንዴውና የሴቴው አበባ በተለያየ ዛፍ ላይ ሲሆኑ፣ ለኮሶ ትል ሲያገለግል የኖረው ቀላ ያለው የሴቴ አበባ ነው። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር ኮሶ መጠጣት ለዘመናት የተለመደ ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አበባው በአውሮፓ የመድኃኒት መዝገቦች ውስጥ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የፊንላንድ ተመራማሪዎች ኮሶቶክሲንና ፕሮቶኮሲን የተባሉትን የፍሎሮግሉሲኖል ወገን የሆኑ ቀለበታዊ ውሁዶች አጥንተዋል።

እነዚህ ውሁዶች አይተኑም። ኮሶን በክሌቨንጀር መሣሪያ ያነጠረ ተማሪ ሽታ ያለው ጥቂት ነገር ቢያገኝ እንኳ የትል መድኃኒቱ በማሰሮው ውስጥ ቀርቷል። በዘይቱ ላይ ሙከራ አድርጎ «ኮሶ ትልን አይጎዳም» ቢል ስሕተቱ የአበባው ሳይሆን የዘዴው ይሆናል።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ የረቀቀ ነው። ቀለበታዊዎቹ ውሁዶች በውሃ በደንብ አይሟሙም። በልማድ የሚጠጣው ኮሶ ዱቄቱ ከነውሃው ሲሆን፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ፋርማሲም ሳይጣራ ይወሰድ ነበር። በቤተ ሙከራ ግን «የውሃ ጭምቅ» የሚባለው በማጣሪያ ወረቀት አልፎ የጠራው ፈሳሽ ነው። የተጣራው ውሃ ደካማ ሆኖ ቢገኝ፣ ሕዝቡ ይጠጣው የነበረው ነገር ደካማ ነው ማለት አይደለም፤ ተመራማሪው ዋናውን ክፍል በወረቀቱ ላይ ጥሎታል።

ጉዳዩ የንድፈ ሐሳብ ብቻ አይደለም። ኮሶ በብዛት ሲወሰድ ከባድ ማስታወክና ተቅማጥ ያስከትላል፤ በዓይን ብርሃን ላይ ጉዳት ማድረሱም በሕክምና ተመዝግቧል። በደካማ ዘዴ ላይ ተመሥርቶ «መርዛማ አይደለም» ማለት ሰውን ይጎዳል። ዛሬ ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል ቦታውን የያዙት በከፊል መጠናቸው ስለሚታወቅ ነው።

5. ውይይት፦ ከእንዶድ የሚገኝ ትምህርትና የመቶኛ ወጥመድ

ዘዴ ውሁድን እንደሚለውጥ ከአገር ውስጥ የሚጠቀስ ሌላ ማስረጃ እንዶድ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ልብስ ከሚታጠብበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው መታየታቸውን ተከትለው የእንዶድ ፍሬ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል አሳዩ። በኋላ የተደረጉ የኬሚስትሪ ጥናቶች ፍሬው በውሃ ውስጥ ሲደቅ የራሱ ኢንዛይሞች ሳፖኒኖቹን ቆርጠው ገዳይ እንደሚያደርጓቸው፣ በሜታኖል ሲወጣ ግን ኢንዛይሞቹ ስለሚቆሙ ኃይል የሌላቸው ሳፖኒኖች እንደሚገኙ አረጋገጡ። የልብስ አጣቢዎቹ ዘዴ ከቤተ ሙከራው አሟሚ የተሻለ የሆነበት ምክንያት ይህ ነው። እንዶድ ፍሬ እንጂ አበባ ባይሆንም መርሑ ለአበባም ይሠራል።

ይህ ከሆነ፣ መቶኛን ብቻ ማነጻጸር የት ላይ ያሳስታል? ሁለት ስሌቶች ይበቃሉ።

የመጀመሪያው እርጥበትን ይመለከታል። 10 ግራም ትኩስ አበባ 75 በመቶው ውሃ ነው እንበል፤ ደረቁ ክፍል 2.5 ግራም ይሆናል። 0.02 ግራም ዘይት ቢገኝ፣ በትኩሱ ክብደት 0.2 በመቶ፣ በደረቁ ክብደት 0.8 በመቶ ይባላል። አበባውም ዘዴውም ዘይቱም አልተለወጠም፤ ቁጥሩ ግን በአራት እጥፍ አድጓል። የሁለት ጥናቶችን መቶኛ ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ጸሐፊ ይህን ካላጣራ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም።

ሁለተኛው የጥሬ ጭምቅን ይዘት ይመለከታል። 100 ግራም ደረቅ አበባ በእንፋሎት 0.8 ግራም ዘይት፣ በሄክሴን ደግሞ 5 ግራም ጭምቅ ሰጠ እንበል። ሄክሴን ከስድስት እጥፍ በላይ የበለጠ ይመስላል። ነገር ግን በጭምቁ ውስጥ ተናኙ ክፍል 10 በመቶ ብቻ ቢሆን፣ የተገኘው ተናኝ ዘይት 0.5 ግራም ነው፤ ከእንፋሎቱ ያነሰ ማለት ነው። ቀሪው 4.5 ግራም ሰምና ቀለም ነው። ስለዚህ የሚነጻጸረው ከዕቃው የወጣው ጠቅላላ ክብደት ሳይሆን የተፈላጊው ውሁድ ክብደት መሆን አለበት።

6. የማገዶና የውሃ ሒሳብ

ዘዴ በኬሚስትሪ ብቻ አይመረጥም። በእንፋሎት ማንጠር ለገጠር ተስማሚ ነው የሚባለው መሣሪያው ቀላል ስለሆነ ነው፤ የሚበላው ግን ቀላል አይደለም። 10 ኪሎ ግራም ውሃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ አፍልቶ ለማትነን 26 ሜጋ ጁል ገደማ ያስፈልጋል። ደረቅ እንጨት በኪሎ 15 ሜጋ ጁል ይሰጣል፣ ምድጃውም ከዚህ 15 በመቶውን ብቻ ለማሰሮው ያደርሳል ተብሎ ቢታሰብ፣ ከ11 ኪሎ ግራም በላይ እንጨት ይቃጠላል።

እንፋሎቱን መልሶ ለማቀዝቀዝ የሚያስፈልገው ውሃም አለ። የማቀዝቀዣው ውሃ በ20 ዲግሪ ብቻ እንዲሞቅ ከተፈለገ፣ ለ10 ኪሎ ግራም እንፋሎት 270 ሊትር ያህል ማለፍ አለበት። ውሃ በሚያጥርበት ወቅት ይህ ውሃ ተመልሶ የሚዞርበት ገንዳ ካልተሠራ ሥራው ከቤተሰብ የመጠጥ ውሃ ጋር ይሻማል። ስለሆነም በማንኛውም የንጽጽር ሠንጠረዥ ውስጥ ከምርት መጠን ጎን በአንድ ግራም ተፈላጊ ውሁድ የጠፋው ማገዶ፣ ውሃና አሟሚ መግባት ይኖርበታል። የተሻሻለ ምድጃና ፍላቱን በጊዜ ማቆም ከአዲስ መሣሪያ ግዥ ይልቅ ብዙ ሊያድኑ ይችላሉ።

7. ለገሱባና ለአካባቢዋ የሚቀርብ የንጽጽር ንድፍ

ከላይ ከተነሡት ነጥቦች በመነሣት፣ በአነስተኛ አቅም ሊሠራ የሚችል ንድፍ እንደሚከተለው ይቀርባል።

አንደኛ፣ አጠቃቀሙ ይወሰን። ለሽታና ለቅመም ከሆነ ተናኙ ክፍል፣ ለትል መድኃኒት ከሆነ የማይተነው ቀለበታዊ ክፍል፣ ለሻይ ከሆነ በውሃ የሚሟማው ክፍል ተፈላጊ ይሆናል። የውሁዱ ስም ከመሣሪያው ስም በፊት ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ ናሙናው አንድ ይሁን። ከአንድ ጓሮ፣ በአንድ ቀንና ሰዓት የተቀጠፈ አበባ በደንብ ተደባልቆ ለሁሉም ዘዴዎች ይከፈል። ቀበሌው፣ ከፍታው፣ የአበባው ዕድሜና እርጥበቱ ይመዝገብ። የዕፅዋቱ ደረቅ ናሙና ማንነቱ እንዲረጋገጥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው ብሔራዊ ሄርባርየም ይቀመጥ።

ሦስተኛ፣ ቢያንስ ሦስት ዘዴዎች በሦስት ድግግሞሽ ይፈተኑ፦ በእንፋሎት ማንጠር፣ በኤታኖል መዘፍዘፍና በአካባቢው የሚሠራበት ልማዳዊ ዘዴ። ልማዳዊው ዘዴ እንደ ታሪክ መግቢያ ሳይሆን እንደ አንድ ራሱን የቻለ ተወዳዳሪ ይለካ፤ ሳይጣራ የሚጠጣ ከሆነም ሳይጣራ ይመርመር።

አራተኛ፣ የእንፋሎቱ ዘይት በአንድ ጊዜ ሳይሆን በ30፣ በ60፣ በ120 እና በ180 ደቂቃ ተለይቶ ይሰብሰብ። ይህ ፍላቱ መቼ ቢቆም እንደሚበቃና የትኛው ውሁድ በመዘግየት እንደሚለወጥ ያሳያል።

አምስተኛ፣ ሁሉም ነገር በሒሳብ ይያዝ። ዘይቱ፣ አብሮ የወጣው ሽታማ ውሃና በማሰሮው የቀረው ዝቃጭ ለየብቻ ይመርመሩ። ለተናኙ ክፍል ጋዝ ክሮማቶግራፊ ከማስ ስፔክትሮሜትር ጋር፣ ለማይተነው ደግሞ የፈሳሽ ክሮማቶግራፊ ያገለግላል። መሣሪያው በአቅራቢያ ከሌለ ናሙናውን በጥቁር ብልቃጥ በቅዝቃዜ ጠብቆ መላክ ይቻላል። በመዓዛማና በመድኃኒት ዕፅዋት ላይ የሚሠራው የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል ለዚህ ዓይነቱ ትብብር ተፈጥሯዊ አጋር ነው።

ስድስተኛ፣ የኅብረተሰቡ መብት ይጠበቅ። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰብን ዕውቀት እንደ መብት ይቆጥራል። ልማዳዊው ዘዴ በሠንጠረዡ ውስጥ ተወዳዳሪ ሆኖ ከገባ፣ ባለቤቶቹም በስምምነቱ ውስጥ መግባት ይኖርባቸዋል።

8. ማጠቃለያ

በሶብላ በእንፋሎት ይገኛል፤ ካሞሚል በእንፋሎት ይለወጣል፤ ጠምበለል በእንፋሎት ይበላሻል፤ የኮሶ መድኃኒት ደግሞ ከእንፋሎቱ ጋር ጨርሶ አይወጣም። አንድ ዘዴ ለአራቱ አበቦች አራት የተለያዩ መልሶች ሰጥቷል። ስለዚህ «የትኛው ዘዴ ይበልጣል?» የሚለው ጥያቄ «ለየትኛው ውሁድ፣ ለየትኛው አጠቃቀም፣ በምን ወጪ?» ከሚሉት ተለይቶ ሊመለስ አይችልም።

ለገሱባና ለመሰል ከተሞች ተመራማሪዎች ይህ ድምዳሜ ተስፋ ሰጪ ነው። ውድ መሣሪያ መጓደሉ ጥሩ ንጽጽር እንዳይሠራ አያግድም። የቅጠፋው ሰዓት፣ የአበባው እርጥበት፣ የውሃው የፍላት ሙቀት፣ የተቃጠለው እንጨትና በማጣሪያው ላይ የቀረው ዝቃጭ በሚዛን፣ በቴርሞሜትርና በጥንቃቄ ሊመዘገቡ ይችላሉ። እነዚህ የተመዘገቡበት ጥናት በኋላ በተሻለ መሣሪያ ሊደገምና ሊታረም ይችላል። ያልተመዘገቡበት ጥናት ግን ቁጥሩ የቱንም ያህል ከፍ ያለ ቢሆን ከሌላ ጥናት ጋር ሊነጻጸር አይችልም።